ከአሰብ እስከ ምጽዋ፤ የእርዳታ እህል በመርከብና በአይሮፕላን

የእርዳታ እህል ወደብ ደረሰ ሲባል ችግሩ የተቃለለ ይመስላል። ይሁን እንጂ በወደብ የተራገፈ እህል ገና የማንንም ረሃብ አላስታገሠም። ከተረጂው ደጅ እስኪደርስ ድረስ የሚቀረው መንገድ ከባሕሩ ጉዞ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም። በተለይም እህሉ በአንድ ወደብ ተከማችቶ ረሃብተኛው በሌላው ወደብ ጀርባ በሚገኝበት ጊዜ፣ በመርከብ ይሂድ ወይስ በአይሮፕላን የሚለው ጥያቄ በጥቂት ቀናት ውስጥ ውሳኔ የሚጠይቅ ይሆናል። ውሳኔው ከተሳሳተ ደግሞ ኪሣራው የሚቆጠረው በገንዘብ ብቻ አይደለም።

አሰብና ምጽዋ ይህ ጥያቄ በተግባር የተፈተነባቸው ወደቦች ናቸው። ሁለቱም ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር እስከሆነችበት ጊዜ ድረስ የኢትዮጵያ የባሕር በሮች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) አሰብ በቀይ ባሕር ደቡባዊ ጫፍ፣ በባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ አቅራቢያ ትገኛለች። ከጀርባዋ የአፋር በረሃ ተዘርግቷል፤ በረሃውን አቋርጦ የሚያልፈው አውራ ጎዳና በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወሎ ደጋ ይወጣል፤ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀትም 880 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምጽዋ በሰሜን፣ ከየብስ ጋር በተያያዙ ደሴቶች ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። ከእርሷ እስከ አስመራ ያለው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በሁለቱ ወደቦች መካከል ያለው ርቀት ከ450 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አገሩ የደንከል በረሃ በመሆኑ ከባድ ተሳቢ መኪና ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስበት የባሕር ዳር መንገድ አልነበረውም። በወሎና በትግራይ ዞሮ አስመራ የሚገባው የየብስ መንገድም በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ዝግ ነበር። ስለሆነም በአሰብ የተራገፈ እህል ለኤርትራና ለሰሜን ትግራይ ሕዝብ እንዲደርስ ሲፈለግ ምርጫው ባሕር ወይም አየር ነበር።

የአንድ ሰው ስንቅ

ስሌቱ መጀመር ያለበት ከተረጂው ሰው ነው። ለአንድ ሰው በቀን 500 ግራም እህል ቢታሰብ በወር 15 ኪሎ ይሆናል። ይህም ጥራጥሬና ዘይት፣ ለሕፃናትም ወተት ካልታከለበት ሙሉ ምግብ አይባልም፤ ነፍስ ለማቆየት ያህል ነው።

በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ከተሰማሩት አይሮፕላኖች አንዱ የሆነው ሄርኩለስ በአንድ ጉዞ ቢበዛ 20 ቶን ያህል ይጭናል። ይህ መጠን እያንዳንዱ 50 ኪሎ የሚይዝ 400 ጆንያ ማለት ሲሆን፣ ለ40 ሺ ሰው የአንድ ቀን ስንቅ ይሆናል። መጠነኛ የሚባል የጭነት መርከብ ግን 10 ሺ ቶን ይዞ ይጓዛል። ይህም 200 ሺ ጆንያ ነው፤ ከ660 ሺ የሚበልጥ ሕዝብ ለአንድ ወር ይቀልባል። ያንኑ እህል በሄርኩለስ ለማድረስ 500 ጉዞ ያስፈልጋል። ሌላም ማነጻጸሪያ አለ፤ አንድ ካሚዮን ከነተሳቢው የሚያነሣው ጭነት ከአንድ ሄርኩለስ ጭነት ጋር ተቀራራቢ ነው። አይሮፕላኑ ድምፁና ግርማው ብዙ ስለሆነ በሜዳ ቆሞ ለሚመለከተው ሰው ይህ ነገር በቀላሉ አይታወቀውም፤ ፎቶግራፍ አንሺዎችም ከካሚዮኑ ይልቅ ዘወትር የሚያነሡት አይሮፕላኑን ነበር።

የመጀመሪያው ጆንያና የመጨረሻው ጆንያ

አይሮፕላን ፈጣን፣ መርከብ ዘገምተኛ ነው የሚለው የተለመደ አባባል በከፊል ብቻ እውነት ነው። ከአሰብ ተነሥቶ በአስመራ ለማረፍ ለሄርኩለስ የአንድ ሰዓት ያህል በረራ ይበቃዋል። በሰዓት 12 የባሕር ማይል የሚጓዝ መርከብ ከአሰብ ምጽዋ ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። በጉዞው ብቻ ከታየ ልዩነቱ ሃያ እጥፍ ያህል ነው። ነገር ግን የጭነት ሥራ ጉዞ ብቻ አይደለም። መጫንና ማራገፍ፣ የወደብ ተራ መጠበቅ፣ ጆንያ መሙላትና መስፋት፣ ቆጥሮ መረከብ ሁሉ ቀን ይበላሉ።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። 10 ሺ ቶን ስንዴ በአሰብ መጋዘን ተቀምጧል እንበል። በአንድ በኩል ሁለት ሄርኩለሶች እያንዳንዳቸው በቀን አራት ጊዜ ይመላለሳሉ፤ ይህ ብልሽትና የአየር ጠባይ ካላሰናከለው በስተቀር በቀን 160 ቶን ማድረስ ነው። በሌላ በኩል አንድ መርከብ በቀን 1,000 ቶን እየተጫነ በ10 ቀን ይሞላል፤ በ11ኛው ቀን ይጓዛል፤ ከ12ኛው ቀን ጀምሮ በምጽዋ በቀን 1,000 ቶን ያራግፋል።

በመጀመሪያዎቹ 11 ቀናት መርከቡ ለተራበው ሰው አንዲት ፍሬ አላደረሰም፤ አይሮፕላኖቹ ግን 1,760 ቶን አድርሰዋል። በ13ኛው ቀን ማታ መርከቡ 2,000፣ አይሮፕላኖቹ 2,080 ቶን ላይ ናቸው። በ14ኛው ቀን መርከቡ 3,000 ቶን ሲደርስ አይሮፕላኖቹ ገና 2,240 ላይ ይሆናሉ። መርከቡ በ21ኛው ቀን ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ፣ አይሮፕላኖቹ የመጨረሻውን ጆንያ የሚያራግፉት በ63ኛው ቀን ነው። እንግዲህ የመጀመሪያውን ጆንያ በማድረስ አይሮፕላን ይቀድማል፤ የመጨረሻውን በማድረስ ግን መርከብ ይቀድማል ማለት ነው።

ወደቡ ደካማ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። ክሬን ጠፍቶ፣ ጆንያ አልቆ ወይም የሚረከብ መኪና ታጥቶ መጫኑም ማራገፉም በቀን ወደ 500 ቶን ዝቅ ቢል፣ መርከቡ አይሮፕላኖቹን የሚቀድመው በ31ኛው ቀን ይሆናል። ከ14ኛው እስከ 31ኛው ቀን ያለው ልዩነት የሚመጣው ባሕሩ ስለሰፋ ሳይሆን የወደቡ ሥራ ስለደከመ ነው። በመሆኑም በወደብ ክሬን፣ በጆንያ መሙያ መሣሪያና በመጋዘን ላይ የሚውል ገንዘብ አይሮፕላን ከመከራየት ጋር አብሮ ሊመዘን የሚገባው ጉዳይ ነው። ብትን ሆኖ የመጣ ስንዴ ከመርከቡ ሆድ ቶሎ ይወጣ እንደሆን እንጂ፣ በወደቡ ላይ በጆንያ ካልተሞላና ካልተሰፋ በመኪናም በአይሮፕላንም አይሄድም። በአንጻሩ እህሉ ከባሕር ማዶ በመጣበት መርከብ ላይ እንዳለ ቢሆንና ያው መርከብ በቀጥታ ወደ ምጽዋ እንዲያልፍ ቢደረግ፣ መጫኛው 10 ቀን ከነወጪው ይቀራል። የመርከቡ አቅጣጫ የሚወሰነው ግን ገና ባሕር ማዶ እያለ ስለሆነ፣ ይህ ጥቅም የሚገኘው የእርዳታው ጥያቄ በጊዜ ከቀረበና ለጋሹ በጊዜ ከመለሰ ብቻ ነው።

የውቅያኖሱ ጉዞም ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ከሰሜን አውሮጳ ወደቦች በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ደቡብ ቀይ ባሕር የሚመጣ መርከብ በሁለት ሳምንት ገደማ ይደርሳል፤ ቦዩ ሲዘጋ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ ለመምጣት የሚጓዘው ርቀት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ቦዩ ከ1959 እስከ 1967 ዓ.ም. ዝግ ስለነበረ፣ በ1965 እና በ1966 የወሎ ሕዝብ ሲረግፍ ከአውሮጳ በባሕር የሚላከው እህል የሚመጣው በዚያው በረጅሙ መንገድ ነበር። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ቀይ ባሕር በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲፈጸም፣ ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች ይህንኑ የጥንቱን ዙሪያ ጥምጥም እንደገና ይዘዋል።

ስለ ነዳጅ

አንድ ሄርኩለስ በአንድ ሰዓት በረራ ከ2 ቶን የሚበልጥ ነዳጅ ያቃጥላል። ከአሰብ አስመራ ደርሶ ለመመለስ 4 ቶን ተኩል ያህል ይፈጃል ብሎ መገመት ይቻላል። ጭነቱ 20 ቶን ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቶን እህል 225 ኪሎ፣ ለእያንዳንዱ 50 ኪሎ ጆንያ ደግሞ 11 ኪሎ ነዳጅ ይደርሳል። በዚያ ዘመን 10 ሺ ቶን ይጭን የነበረ መርከብ ግን በቀን ከ20 እስከ 25 ቶን ነዳጅ የሚያቃጥል ሲሆን፣ የደርሶ መልሱ ጉዞ 50 ቶን ቢፈጅ እንኳ ለአንዱ ጆንያ የሚደርሰው ሩብ ኪሎ ብቻ ነው። ካሚዮኑ ከምጽዋ አስመራ ሲወጣና ሲመለስ የሚፈጀው ቢታከልበትም ልዩነቱ ሃያ እጥፍ ያህል ሆኖ ይቀራል። የአይሮፕላኑ ኪራይ፣ መለዋወጫውና የአብራሪዎቹ አበል በዚህ ስሌት ውስጥ አልገቡም።

ከዋጋው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ነዳጁ ራሱ ጭነት መሆኑ ነው። 10 ሺ ቶን እህል ለማብረር 2,250 ቶን የአይሮፕላን ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ያም ነዳጅ የሚመጣው በመርከብ ነው። አሰብ በ1959 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ የነዳጅ ማጣሪያ ስለነበራት በዚህ ረገድ የታደለች ወደብ ነበረች። ማጣሪያው ከ1989 ዓ.ም. በኋላ ቆሟል። ነዳጅ በቦቴ ተጭኖ በሚመጣበት አየር ማረፊያ ግን፣ እህል ሊያነሣ ይችል የነበረውን መንገድና ሾፌር ነዳጁ ይሻማል።

የአገሩ ጠባይም አይሮፕላንን ይጎዳል። አየር ሲሞቅና ከፍታ ሲጨምር ስለሚሳሳ የክንፉም የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። አሰብ በሞቃታማ ወራት እንደ ምድጃ የምትነድ ከተማ ናት፤ አስመራ፣ መቀሌና አክሱም ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ናቸው። ስለሆነም 20 ቶን የተባለው ዓቅም በወረቀት እንጂ በሜዳ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። ጭነቱን ሳይቀንሱ ለመነሣት ጎህ ሳይቀድ፣ ብርዱ ሳይለቅ መብረር ይሻላል። ቀትር ላይ የሚነሣ አይሮፕላን ከፊሉን ጆንያ ጥሎ ይሄዳል።

የ1977 ዓ.ም. ልምድ

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያ ረሃብ በዓለም ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ የውጭ አገር መንግሥታት አይሮፕላኖቻቸውን በጥድፊያ ላኩ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች፣ የምዕራብ ጀርመን ትራንሳሎች፣ የሶቪየት ኅብረት አንቶኖቮችና ሄሊኮፕተሮች፣ የፖላንድም ሄሊኮፕተሮች በአንድ ሰማይ ላይ ተሰማሩ። በሌላ ጊዜ በጎራ ተለያይተው የሚተያዩ ወታደሮች ለአንድ ዓይነት ጆንያ ሲሠሩ ታዩ። የእንግሊዞቹ ሄርኩለሶች እስከ 1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ባደረጉት የአሥራ ሦስት ወር አገልግሎት ከ30 ሺ ቶን በላይ እርዳታ አጓጉዘዋል። ብዙ ድካም የተደረገበትና የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነበር። ያም ሆኖ መጠኑ ከሦስት መርከብ ጭነት ብዙም አይበልጥም።

የአይሮፕላኑ ጥቅም በቶን ብቻ የሚለካ ነው ማለት ግን አይደለም። መንገድ በሌለበት የወሎና የሸዋ ደጋ፣ ማረፊያ ሜዳ ስላልነበረ እህሉ ከአየር እንዲጣል ተደርጓል። ጆንያው እንዳይፈነዳ እህሉ በተደራረበ ከረጢት ይታሸግ ነበር። ሄሊኮፕተሮቹ አስቀድመው ቦታውን መርጠው ሰውና ከብት እንዳይገባበት ያስጠብቃሉ፤ ከዚያም አይሮፕላኑ ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብሎ እየበረረ ጭነቱን ያለ ጃንጥላ ይለቅ ነበር። ለእንደነዚህ ዓይነት ቀበሌዎች መርከቡም ካሚዮኑም አማራጭ አልነበሩም። ከዚህም ሌላ መጠናቸው ትንሽ ሆኖ መዘግየታቸው የሚገድል ዕቃዎች አሉ። የኩፍኝ ክትባት፣ መድኃኒት፣ ለተጎሳቆሉ ሕፃናት የሚሰጥ ወተት፣ የድንኳን ሸራ፣ የውሃ ፓምፕ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ዘርም ከዚሁ ሊመደብ ይገባዋል። የክረምቱ ዝናብ ከገባ ከአንድ ወር በኋላ የደረሰ ዘር ለዚያ ዓመት ዘር መሆኑ ቀርቶ ቆሎ ነው። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ይበላዋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ከነቤተሰቡ በእርዳታ መዝገብ ላይ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ቶን ዘር በግንቦት በአይሮፕላን ማድረስ፣ በመጪው ዓመት ብዙ ቶን እህል በመርከብ ከማስመጣት የሚያድንበት ጊዜ አለ።

የጭነት ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው ደግሞ ባዶ መመለስ የጉዞውን ዋጋ በእጥፍ ያህል ያሳድጋል። መርከብ ሲመለስ ቡናና ቆዳ ሊጭን ይችላል፤ እህል አድርሶ የሚመለስ አይሮፕላን ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ይበራል። በ1977 ዓ.ም. ከመቀሌ የሚነሡት አንቶኖቮች ባዶ አልተመለሱም፤ ሠፋሪዎችን ጭነው ወደ አዲስ አበባ ወሰዱ። በመንግሥት የሰፈራ ዕቅድ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የተወሰደው ሕዝብ 600 ሺ ይጠጋ ነበር። በሒሳብ ሰሌዳ ላይ ይህ የተሟላ ደርሶ መልስ ይመስላል። ነገር ግን ለጆንያ የተሠራው የአይሮፕላን ሆድ ወንበር የሌለው ነው፤ በረሃብ የደከሙ ሽማግሌዎች፣ እርጉዞችና ሕፃናት ተጨናንቀው በከፍታ መብረራቸው ብርቱ ሥቃይ አድርሶባቸዋል፤ ከቤተሰቡ ተነጥሎ ወይም ያለ ፈቃዱ የተወሰደም ብዙ ነበር። በምድርም ቢሆን ሠፋሪ ለማጓጓዝ የተሰለፈ መኪና በዚያው ሳምንት ከአሰብ እህል አያነሣም። የሰፈራው ዘመቻና የእህሉ ጭነት በአንድ የመኪና ጓድ ላይ ይሻሙ እንደነበር በጊዜው የታወቀ ነገር ነው።

የመኪናው እጥረት ከረሃቡ መገለጥ በፊትም ይታወቅ ነበር። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለለጋሾች ጥሪ ሲያቀርብ፣ የሚያስፈልገው እህል 900 ሺ ቶን መሆኑን ገልጾ የጠየቀው ግን 450 ሺ ቶን ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ወደቦቹና መኪናዎቹ ከዚያ በላይ ማንሣት አይችሉም ተብሎ ስለታሰበ ነው። ጥሪው በቂ መልስ ሳያገኝ ወራት አለፉ። መርከቦቹ በብዛት መድረስ በጀመሩበት በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቶን እህል በአሰብ ወደብ ተቆልሎ ታየ። አይሮፕላኖቹ ከዚያ ቁልል ላይ በየቀኑ ጥቂት ይቀንሱለት እንጂ ሊጨርሱት አይችሉም ነበር። በ1978 ዓ.ም. መግቢያ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የራሱን የካሚዮን ክፍል ወደ ኢትዮጵያ ማምጣቱ፣ ማነቆው ሰማይ ወይም ባሕር ሳይሆን ከወደቡ በር ጀምሮ ያለው መንገድ መሆኑን በመረዳት ነው። መኪናዎቹ ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ኖሮ ከአየር የሚጣለው ጆንያ ቁጥር ያነሰ በሆነ ነበር።

ምጽዋ በተዘጋች ጊዜ

እስካሁን የተነገረው ስሌት ሁለቱም መንገዶች ክፍት ናቸው ብሎ የሚያስብ ነው። በ1982 ዓ.ም. የሆነው ሌላ ነው። በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ የኤርትራና የትግራይ ገበሬ ሰብል ከሽፎበት ነበር። በታኅሣሥ ወር አንድ የፖላንድ የንግድ መርከብ በኤርትራ ባሕር ዳርቻ በሕዝባዊ ግንባሩ ፈጣን ጀልባዎች ተመትቶ ጠፋ። አንድ መርከብ በተመታበት ባሕር የሌሎቹ ሁሉ የጦርነት መድን ዋጋ ይንራል፤ የማይመጡም አሉ። ርካሽ የነበረው የባሕር መንገድ ውድ የሚሆነው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። በየካቲት ወር ግንባሩ ምጽዋን ያዘ። ከዚያም የመንግሥት የጦር አይሮፕላኖች ከተማይቱን ደጋግመው ሲደበድቡ፣ በወደቡ የነበሩ የእርዳታ እህል መጋዘኖች ጋዩ። ሰዎችም፣ ሊበሉት የነበረውም እህል በአንድነት ተቃጠሉ።

ምጽዋ ስትዘጋ አስመራ ከባሕር ተቆረጠች። መርከብ ከአሰብ ሊነሣ ቢችልም የሚያራግፍበት ስፍራ አልነበረውም። የቀረው መንገድ አየር ብቻ ሆነ፤ የከተማውም ሕዝብ በዙሪያው የሰፈረውም ብዙ ሠራዊት በአንድ አየር ማረፊያ ላይ ተንጠለጠሉ። 300 ሺ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ቢሰጠው 150 ቶን ይሆናል፤ ይህም ምንም ሳይጎድል በየዕለቱ ስምንት የሄርኩለስ ጉዞ ይጠይቃል። ለሠራዊቱ የሚሄደው ጥይትና ነዳጅም በዚያው ማኮብኮቢያ ላይ ያርፍ ነበር። ግንባሩ አየር ማረፊያውን በመድፍ መምታት ሲጀምር ደግሞ በረራው የሚቋረጥባቸው ቀናት መጡ። ለባሕር መንገድ አንድ ቀን ቢታጎል መርከቡ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጭነቱም በማግሥቱ ይራገፋል። የአየር መንገድ አንድ ቀን ሲታጎል ግን የዚያ ቀን 150 ቶን በማግሥቱ አይተካም፤ ምክንያቱም የማግሥቱ አይሮፕላኖች የማግሥቱን ብቻ ነው ሊያደርሱ የሚችሉት። በከተማይቱ ገበያ እህል እየጠፋ ዋጋው ደሃው ከማይደርስበት ወጣ።

በዚህ ሁኔታ የባሕሩን በር መልሶ መክፈት ከማናቸውም የአይሮፕላን ብዛት የሚበልጥ ጥቅም እንዳለው ግልጽ ነበር፤ ቁም ነገሩ ግን የማጓጓዣ ሒሳብ መሆኑ ቀርቶ የሁለት ተዋጊ ወገኖች ፈቃድ ሆነ። መንግሥት ወደቡ ለጠላቱ ጥቅም ይሰጣል ብሎ ሲሰጋ፣ ግንባሩም በበኩሉ እህሉ ለአስመራ ጦር ስንቅ ይሆናል የሚል ስጋት ነበረው። ድርድሩ ወራት ፈጀ። በ1983 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አማካይነት ስምምነት ተገኝቶ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል የጫነ መርከብ ወደ ምጽዋ ገባ። እህሉ በሁለቱም ወገኖች ይዞታ ለሚገኘው ሕዝብ እንዲከፋፈል ተወስኖ፣ የአስመራው ድርሻ በካሚዮን ተጭኖ የጦር ግንባሩን አቋርጦ 115 ኪሎ ሜትሩን ሽቅብ ወጣ። መርከቡ በምጽዋ መልህቁን የጣለው ወደቡ ከተዘጋ ከብዙ ወራት በኋላ ነበር።